ደህና የማይባልበት በር

ጣሂርን «እንዴት ነህ?» ብሎ መጠየቅ ትርፉ ድካም ነው። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ደህና፣ አልሐምዱሊላህ»። አንድ ጊዜ ጥርሱን አሞት ግማሽ ፊቱ አብጦ ሥራ ገባ። «ምን ሆነሃል?» አልኩት። «ደህና ነኝ» አለኝ፣ በተረፈችው ግማሽ አፉ።

እሱና እኔ አንድ ቦታ ነው የምንሠራው። ፋርድሸንስት ይባላል፤ መራመድ የከበዳቸውን የስቶክሆልም አዛውንቶች በትንሽ አውቶቡስ ከቤት ወደ ሐኪም፣ ከሐኪም ወደ ቤት እናመላልሳለን። የስዊድን ሽማግሌ «እንዴት ነዎት?» ካሉት ከልብ የጠየቁት ይመስለዋል። ስለ ዳሌው ይነግርሃል፤ ስለ ሆድ ድርቀቱ ይነግርሃል፤ አዲሱ ኪኒን እንዴት እንዳሳከከው እጅጌውን ሰብስቦ ያሳይሃል። ጣሂር መሪውን ይዞ አንገቱን እየነቀነቀ ይሰማና ሰውየው ሲወርድ ወደ እኔ ደውሎ «እነዚህ ሰዎች እኮ አያፍሩም!» ይላል። በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳን አሞኛል ብሎ ከሥራ ቀርቶ አያውቅም። በዚህም ይኮራል። እኔ በበኩሌ ጉንፋን ሲይዘኝ ተሸፋፍኜ እተኛለሁ፤ ጌታ ብርድ ልብስን ያለ ምክንያት አልሰጠንም።

ይህን ሰው ነው እንግዲህ በፈረንጆቹ 2008 በስዊድን የጸደይ ወራት ልጁ መቀመጫ ያሳጣችው።

ማሂራ ብቸኛ ልጁ ናት። ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር። ሁስቢ በሚባለው የስቶክሆልም ሰፈር ተወልዳ እዚያው ያደገች፣ አማርኛ ሁሉን የምትሰማ፣ ስትመልስ ግን በስዊድንኛ የምትመልስ ልጅ ናት። አንድ እሑድ ምሳ ላይ፣ እኔም እዚያው ገበታ ላይ እያለሁ፣ በጥቅምት ሒማላያ እሄዳለሁ አለች። አገሩ ኔፓል ነው፤ የሚሻገሩት የተራራ በር ቶሮንግ ላ ይባላል፤ ጉዞው በእግር ነው፤ ሁለት የዩኒቨርሲቲ ጓደኞቿም አብረዋት አሉ።

እናቷ ሙፈሪሃት ጭልፋውን አስቀመጠች። «ተራራ አምሮሽ ነው? አባትሽ አገር ሞልቶ የለም?»

ማሂራ ሳቀች።

«ለመሆኑ ከላይ ምን አለ?»

ልጅቷ በስዊድንኛ መለሰች። ምንም የለም፤ ወጥተን ወደ ማዶ እንወርዳለን ነው ያለችው።

«ምንም ለሌለበት!» አለች ሙፈሪሃት ወደ እኔ ዞራ፣ ልክ እኔ የላክኋት ይመስል።

ክርክሩ እዚያ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ማሂራ ግን ወደ አባቷ ዞረችና ያለ አንተ ምርቃት አልሄድም አለችው። ንግግሯ ስዊድንኛ ሆኖ «ምርቃት» የምትለዋን ብቻ በአማርኛ አስገባቻት። የወሎ ሰው ለመርቆ መሸኘት ያለውን ቦታ ታውቃለች፤ አባቷ የማይመርቀውን መንገድ መሄድ በዚያ ቤት የለም።

«ብትጣላኝ ይሻለኝ ነበር» አለኝ ጣሂር በማግስቱ። «ብትጣላኝ እምቢ እላለሁ፤ እሷም እምቢ ብላ ትሄዳለች። አሁን ነገሩን አንገቴ ላይ አንጠልጥላው ሄደች። እምቢ ብል የልጄን ጉጉት ገደልኩ፤ እሺ ብልና አንድ ነገር ብትሆን በአፌ ገደልኳት።»

ያን ቀን የጀመረው መቁነጥነጥ እስከ ጥቅምት አልለቀቀውም። ጠዋት «ትሂድ» ይላል፣ ማታ «አትሄድም»። ከሥራ ሲወጣ ሁስቢ ቤተ መጻሕፍት ገብቶ ኮምፒውተር ላይ የኔፓልን የአየር ሁኔታ ያያል። ቀይ መብራት ላይ ቆሞ ይደውልልኛል፤ «እሸቱ፣ እዚያ በሩ ላይ ነፋስ አለ አሉ።» ተራራ ላይ ነፋስ መኖሩ ምኑ ይገርማል? ሙፈሪሃት ደግሞ «ከበረንዳ ወደ ጓዳ፣ ከጓዳ ወደ በረንዳ፤ ቤቱን አዞረብኝ» ብላ ታማርራለች።

መጀመሪያ ላይ ራሱን ያጽናናው በደም ነበር። የተወለደው ወሎ፣ ለጋምቦ ውስጥ አቀስታ ከተማ ነው፤ አባቱ ሱቅ ነበረው፤ ኋላ ለትምህርት አጎቱ ዘንድ መርካቶ መጣ። «በር» ሲሉት የታየው ጣርማ በር ነው፤ ደሴና አዲስ አበባ ሲመላለስ አውቶቡሱ ጉም ውስጥ ገብቶ ጆሮው ጭው የሚልበት። «የለጋምቦ ደም አላት» አለኝ። «የለጋምቦ ብርድ አጥንት ይሰብራል፤ እኛ ግን አድገንበታል። ተራራ ምን ያደርጋታል?»

«ደሙ ያለው አንተ ጋ ነው» አልኩት። «እሷ ከፍ ያለ ቦታ የምታውቀው የሰባተኛ ፎቅ በረንዳችሁን ነው።»

ተቀየመኝ። ግን ነገሩ ሆዱ ገብቶ ኖሮ ብዙም ሳይቆይ ጉዞውን የሚያዘጋጁት ሰዎች ስብሰባ ጠርተዋል፣ አብረኸኝ ሂድ አለኝ። ከእሱ ስዊድንኛዬ የተሻለ ሆኖ አይደለም፤ ብቻውን መቀመጥ ስላልቻለ ነው።

ስብሰባው መሐል ከተማ፣ ሶደርማልም በሚባል ሰፈር አንድ ምድር ቤት ውስጥ ነበር። ማሂራ ከፊት ከጓደኞቿ ጋር ተቀምጣለች፤ እኛ ከኋላ። ጉዞውን የምትመራው አኒካ የምትባል ሴት ናት፤ ድሮ ነርስ ነበረች፣ አጠር ያለች፣ አፍንጫዋን ፀሐይ የላጠው። ነጭ ተራራ፣ የተንጠለጠለ ድልድይ፣ በቅሎ፣ በነፋስ የሚርገበገብ ባለ ቀለም ጨርቅ በየተራ ግድግዳው ላይ አሳየችን። ጥያቄ ያለው ስትል ጣሂር ተነሣ። እጁን ማውጣት ሲበቃው ተነሣ።

«ሰው ይሞታል?» አለ።

ሁሉም ዞረው አዩት። ማሂራ አንገቷን ቀበረች። አኒካ ግን ጥያቄውን የወደደችው መሰለኝ።

«አንዳንዴ አዎ» አለች። «መንገዱ ራሱ ከባድ አይደለም። ገመድ የለውም፣ ገደል መቧጠጥ የለውም። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ሰዎች ይዤ አልፌበታለሁ። ከባዱ አየሩ ነው፤ ከፍ ባልን ቁጥር ይሳሳል። ሰውነት እንዲለምደው ቀስ ብለን እንወጣለን፣ መሐል ላይ እናርፋለን።»

ከፍታውን ስትነግረን በልቤ አሰላሁት። ራስ ዳሽን አናት ላይ ቆመህ ቶሮንግ ላን ለማየት ገና ወደ ሰማይ ታንጋጥጣለህ። ጣርማ በር እንዲያውም እግሩ ሥር አይደርስም።

ጣሂር አልተቀመጠም። «ዘራችን የደጋ ነው» አለ። «ይህ ልጄን አይጠቅማትም?»

«ያደገችው የት ነው?»

«ሁስቢ።»

ሰዉ ሳቀ። አኒካ አልሳቀችም። «እንግዲያው እሷም እንደ እኔ የባሕር ጠረፍ ሰው ናት» አለችው።

«ታዲያ የምትፈሪው ማንን ነው? ደካማውን?»

«ደካማውን አልፈራም፤ ደካማ ሰው ቀስ ይላል። የምፈራው ብርቱውን ነው፤ ከብርቱም ጨዋውን። ሁልጊዜ ማታ አንድ በአንድ እንዴት ናችሁ ብዬ እጠይቃለሁ። ራሴን አመመኝ ካለኝ ያ ሰው ባለበት ያርፋል፤ ካልተሻለው ይወርዳል። ከወረደ ይድናል፤ መድኃኒቱ መውረድ ነው። ሌሎቹን ላለማስቸገር ብሎ ‹ባራ ብራ› የሚለኝ ሰው ግን ሌሊቱን ይብስበታል። ጠዋት እግሩ መሬት ይስታል።»

ባራ ብራ የስዊድኖች «ደህና ነኝ» ናት። እነሱም አላቸው፤ የእኛን ያህል ባይምሉባትም።

«ካልነገረሽስ በምን ታውቂያለሽ?» አለ ጣሂር።

«ካልነገረኝ ዘግይቼ ነው የማውቀው።»

ያኔ ተቀመጠ። ስንመለስ በሰማያዊው መስመር ባቡር ውስጥ ባዶ ወንበር ሞልቶ ሳለ ምሰሶውን ይዞ ቆመ። ማሂራ ከጓደኞቿ ጋር ቀርታለች። ብዙ ጣቢያ ካለፍን በኋላ «ጨዋውን ነው ያለችው አይደል?» አለኝ።

«አዎ።»

«ማሂራ ጨዋ ናት» አለ፤ የልጁን ክፉ በሽታ እንደሚነግረኝ ሰው።

ምን ማለቱ እንደሆነ ገባኝ፤ ምክንያቱም ነገሩ በሆነ ጊዜ እኔም ነበርኩ። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት የጣሂር እናት አቀስታ ላይ ሞቱ። ዘመድ የደወለው ለሙፈሪሃት ነው። በእኛ ወግ እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይነገርም፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ ማለዳ ቤት ድረስ ሄዶ ያረዳል። ወሩ ረመዳን ነበርና ሐጂ ባህረዲን፣ የሁስቢ የወሎ ሰዎች አባት የሚባሉት፣ ጾሙ እስኪፈታ ይቆይ አሉ። ቆየ። ማሂራ የአሥር ዓመት ልጅ ሳለች እናቷ ስልኩን ይዛ ስታለቅስ ሰምታ ኖሮ፣ «ለአባትሽ ትንፍሽ እንዳትዪ» ተባለች። ጣሂር ማታ ማታ ለማፍጠር ሲቀመጥ ልጁን «አያትሽ ደውላ ነበር?» ይላታል። ልጅቷ ቴምሯን ይዛ «ደውላለች፤ ደህና ናት» ትለዋለች። በየማታው ጠየቀ፤ በየማታው ደህና ናት አለችው።

ከኢድ በኋላ አንድ ማለዳ በሩን አንኳኳን። የሆነው ሆነ፤ አለቀሰ፣ አለቀስን። ኋላ ልጅቷ ታውቅ እንደነበር ሲሰማ ጣሂር ግንባሯን ሳማት። ሐጂ ባህረዲንም ራሷን ዳስሰው «ምስጢር የምትችል፣ ጨዋ ልጅ» አሉ። ሁላችንም አመሰገንናት። ልጅቷ ምን እንደተሰማት የጠየቃት አልነበረም።

«እንዲያ ያለችውን ልጅ» አለ ጣሂር ምሰሶውን እንደያዘ፣ «ያቺ ሴት ራስሽን ያምሻል ወይ ብላ ብትጠይቃት ምን የምትላት ይመስልሃል?»

በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም የሚል ተረት አለን። ሁላችንም እንተርተዋለን፤ የሚሠራበት ግን አላየሁም።

ከዚያ በኋላ ልጁን ማሠልጠን ጀመረ። እኔ ከምኖርበት ከአካላ ሰፈር ጀርባ፣ ግራንሆልም የሚባል ኮረብታ አለ። የከተማው ቁፋሮ አፈር ተከምሮ የተሠራ ነው ይላሉ፤ ለበግ እንኳ የማይከብድ። በጋውን ቅዳሜ ቅዳሜ ማሂራ ውሃና የምስር ከረጢት የሞላ ቦርሳ ተሸክማ ትወጣለች፤ አባቷ ከኋላ ይከተላል፤ እኔ ደግሞ ጎረቤት በመሆኔ ብቻ እጎተታለሁ። ልጅቷ እንደ ፍየል ነው የምትወጣው። እሱ የሚፈትነው ግን እግሯን አልነበረም። በየመታጠፊያው «እንዴት ነሽ?» ይላታል።

«ባራ ብራ።»

«እሱን አይደለም!»

«ምን እንድልህ ነው የምትፈልገው?» ትላለች በስዊድንኛዋ። «ደህና ሆኜ ምን ልበል?»

ይቆጣል። እኔም እቆጣለሁ፣ ምክንያቱም ይርበኛል።

አንድ ቅዳሜ መሐል መንገድ ላይ ልጅቷ ዞር ስትል አባቷ ግራ እግሩን እየጎተተ ነው። ፊቱ በላብ ርሷል።

«አንተስ እንዴት ነህ?» አለችው።

«ደህና። ሂጂ፣ ሂጂ።»

ማሂራ ቦርሳዋን አወረደችና ጥርጊያው መሐል ዘጭ ብላ ተቀመጠች። እውነቱን እስክትነግረኝ አልነሣም አለች። ከኋላችን ብስክሌት የሚገፋ ሰው መጣ፤ ዞሮን አለፈ። ጣሂር ቆመ። ማዶ ወደሚታዩት የሺስታ ሰፈር ሕንፃዎች ተመለከተ፤ ሰማዩን አየ፤ እኔን አየኝ።

«ምን ታየኛለህ?» አልኩት። «ንገራት እንጂ!»

አፉን ከፍቶ ይዘጋል። አንድ ጎልማሳ ሰው እንዲህ ሲጨነቅ ማየት ያሳቅቃል። በመጨረሻ «ጉልበቴ» አለ፣ የሚያሳፍር ነገር የሠራ ይመስል። «ግራው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከ... ካቻምና።»

ማሂራ ተነሥታ ትከሻዋን ሰጠችው። እኔ የምስሩን ቦርሳ ተሸከምኩ፤ የማይቀር ዕዳ ነው። ስንወርድ «ልጄ» አላት፣ «እኔ ለጉልበት ይህን ያህል ካማጥኩ አንቺ እዚያ ላይ፣ በባዕድ ሰው ፊት፣ ጓደኞችሽ ሊያልፉ ሲነሡ፣ እንዴት ነው የምትዪው?»

ሰኞ ጠዋት ጣሂር በአሥራ ስምንት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ደውሎ ታምሜያለሁ አለ። አለቃችን ደንግጦ «ጣሂር ሞቷል እንዴ?» ብሎ እኔን ጠየቀኝ። ያን ቀን የእሱን አዛውንቶችም እኔ አመላለስኩ፤ ስለ ሁሉም ዳሌ ሰማሁ።

ኢዱ አለፈ፤ የመሄጃዋ ቀን ደረሰ። በዋዜማው እሑድ ቤታቸው ሰው ተሰበሰበ፤ እኔም ጴንጤው ከጥግ ተቀመጥኩ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ጣሂር እሺም እምቢም አላለም ነበር። ሙፈሪሃት ፊቷ ጠቁሯል። ሐጂ ባህረዲን ለመንገደኛ የሚባለውን ሁሉ አሳምረው መረቁ፤ ሰዉ እጁን ዘርግቶ አሚን፣ አሚን አለ። ቀጥሎ የአባት ተራ ሆነ። ማሂራ ፊቱ ተንበርክካ መዳፎቿን ዘረጋች።

ጣሂር ጉሮሮውን ጠረገ። በደህና ግቢ፣ ያሰብሽው ይሳካ የሚላት መስሎኝ ነበር።

«ያ አላህ» አለ፣ «ሲያማት አመመኝ የምትልበት አንደበት ስጣት።»

አሚኑ ቀጭን ሆኖ ወጣ። ሰው ግራ ገባው።

«ካመማት ከደጃፉም ቢሆን ከመንገድ መልሳት። ያሰበችው ይቅርባትና እሷ ትምጣልኝ።»

አሁን ማንም አሚን አላለም። ለመንገደኛ ከመንገድ ተመለስ ማለት እርግማን እንጂ ምርቃት ሆኖ አያውቅም። ሐጂ ባህረዲን ፊታቸውን አጨፈገጉ። «ይህ ምን ዓይነት ምርቃት ነው፣ ጣሂር?»

«ሐጂ፣ እርስዎ ይቅር ይበሉኝ፤ ሌላ የለኝም» አለ።

ያኔ ከጓዳው በር ላይ ሙፈሪሃት «አሚን!» ብላ ጮኸች። ጩኸቷ ሁላችንንም አስደነገጠንና ተከትለን አሚን አልን። ማሂራ የአባቷን ጉልበት ሳመች፤ ግራውን።

ከሄደች በኋላ ጣሂር ጨርሶ የሚያዝ አልሆነም። ስልክ በጮኸ ቁጥር ይዘላል። ከካትማንዱ ደወለች፤ ባራ ብራ። ከተራሮቹ መሐል ማናንግ ከሚባል መንደር፣ ለማረፍ ከቆዩበት፣ ደወለች፤ ባራ ብራ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከበሩ ሥር ያለው የመጨረሻው ማደሪያ ይደርሳሉ፤ በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ተነሥተው ያልፋሉ። ያን ቅዳሜ ጣሂር «ና፣ አብረኸኝ ሁን» ብሎ ጠራኝ። ሄድኩ። እኔ ሶፋ ላይ፣ እሱ መስኮቱ ጋ። ሙፈሪሃት መኝታ ቤት የቀትሩን ሶላት፣ ዙሁርን፣ እየሰገደች ሳለ የቤቱ ስልክ ጮኸ። ጣሂር ድምፅ ማጉያውን ተጫነ፤ በዚያ ቤት የግል ስልክ የሚባል ነገር የለም።

«አባ» አለች። ከኋላዋ ነፋስ ይሰማል።

«ማሂራ! እንዴት ነሽ?»

«ባራ ብራ።»

«ብርዱስ? ምግቡስ? ጓደኞችሽስ? እንዴት ነሽ?»

«ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ» አለች። በአማርኛ። ቃሉም ዜማውም ቁርጥ የእሱ ነው። እኔ ሞኙ፣ ልጅቷ አማርኛ ተናገረች ብዬ ደስ አለኝ። ጣሂርን ሳየው ግን የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨምድዶ ይዟል።

«ማሂራ» አለ፣ ቀስ ብሎ። «እንዴት ነሽ?»

ስልኩ ተንሾካሾከ። የተቋረጠ መሰለኝ። ከዚያ እንደ ልጅ የሚንሰቀሰቅ ድምፅ መጣ።

«አባ፣ ደህና አይደለሁም።»

«አልሐምዱሊላህ!» አለ ጣሂር፣ ጎረቤት እስኪሰማ።

ከትናንት ጀምሮ ራሴ ሊፈነዳ ነው አለች። አስመልሷታል። ትናንት ማታ አኒካ ስትጠይቃት ባራ ብራ ብላታለች፤ ነገ ሁሉም የሚያልፉ ስለሆነ አንድ ሌሊት ብቻ እችለዋለሁ ብላ ነበር።

«አኒካን ጥሪያት። አሁን። ስልኩን ሳትዘጊ።»

«አባ፣ እኔ ብቻ ነኝ እኮ የም...»

«ጥሪያት ልጄ!»

ጠራቻት። ድምፃቸውን እንሰማለን። አኒካ በወለሉ ሳንቃ መሥመር ላይ፣ አንዱን እግር ከአንዱ እያስከተልሽ ተራመጂ ስትላት፣ አንድ ነገር ወድቆ ሲንኳኳ ሰማን። አኒካ ስልኩን አነሣች። ሚዛኗን እየሳተች ነው፣ ብርሃን ሳለ አሁኑኑ ትወርዳለች፣ አንድ መንገድ መሪ አብሯት ይሄዳል አለች። «ዛሬ ባትናገር ኖሮ ነገ ምን ይዤ እንደምነሣ አላውቅም» አለችና ዘጋች።

ሙፈሪሃት የሶላት ሻሿን ሳትፈታ እየሮጠች ወጣች። «አልሐምዱሊላህ ሲል ሰማሁት! አለፈች?»

«አሟታል» አለ ጣሂር።

«አሟታል ብለህ ነው አልሐምዱሊላህ የምትለው? አብደሃል?»

«ነገረችኝ እኮ ሙፈሪሃት! ነገረችኝ!» ብሎ ግድግዳውን ተደግፎ አለቀሰ። ሙፈሪሃት አንዴ እሱን አንዴ እኔን አየችና የማንን እጅ እንደምትይዝ ጠፋት።

ያን ሌሊት የተኙ አይመስለኝም፤ እኔም አልተኛሁም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ በቀጥታ ወደ እነሱ ሄድኩ። ጣሂር ያው መስኮቱ ጋ ነው፤ ልብሱን እንኳን አልቀየረም። ስልኩ ሲጮኽ ሦስታችንም ተጋጨን።

ማናንግ ወርዳለች። ራስ ምታቱ ለቋታል፤ ሾርባ ጠጥታለች፣ ድንች በልታለች። ጓደኞቿ ጠዋት በሩን ተሻግረው ሄደዋል። ሙፈሪሃት መጀመሪያ አላህን አመሰገነች፣ ቀጥሎ ልጅቷን ወቀሰች፣ ቀጥሎ ኮፍያ አድርገሻል ወይ ብላ ጠየቀች። ማሂራ በስዊድንኛ እየመለሰች ሳቀች።

«አባ» አለች። በአማርኛ ነው፤ ቃላቱን አንድ በአንድ እየፈለገች። «አያቴ... ያኔ። ልነግርህ ፈልጌ ነበር። በየቀኑ፣ ቴምር ስንበላ። ሆዴን ያመኝ ነበር።»

ሙፈሪሃት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ጣሂር ስልኩን አየው። ከዚያ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ ከጸደይ ጀምሮ ሰውየው አርፎ ሲቀመጥ ሳየው ያን ጊዜ የመጀመሪያዬ ነው።

«አሁን ንገሪኝ» አላት።

«አሁን?»

«አዎ ልጄ። አሁን ንገሪኝ።»

ከዚያ ሁሉ ተራራ ማዶ፣ በአሥር ዓመት ልጅ ድምፅ፣ «አባ፣ አያቴ ሞታለች» አለችው።

«ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አለ ጣሂር፣ ሞት የሰማ ሙስሊም እንደሚለው፣ ገና ዛሬ እንደተረዳ ሰው። ሙፈሪሃትና እኔም ወንበር ስበን ከጎኑ ተቀመጥን።